ነጩ ድንጋይ

«የደወለችው ታሪኳ ናት።»

ባራክ ይህችን ወሬ ኦገስትን ሙሉ እንደ ማስቲካ አኘካት፤ ጣዕሟ ካለቀ በኋላ እንኳ አልተፋትም። አብራሪዎቹ ቡና በሚጠጡበት ክፍል ይላታል፤ ከእስራኤሏ ኔታንያ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በምታመላልሳቸው ሚኒባስ ውስጥ ይላታል፤ አስተናጋጆቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ ዝቅ ማድረጉ ግን ከሩቅ እንዲታይለት አድርጎ፣ ይላታል። ወሬዋ አጭር ናት። አንድ ሰው ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ደውሎ የካፒቴን ያሪቭ ግራ እጅ አንዳንዴ እንደሚከዳው ተናግሯል። ስሙን አልሰጠም። ባለሥልጣኑም ያሪቭን ጠርቶ በሐኪም አስመረመረው፤ ለሳምንታት ከሰማይ አወረደው፤ ሲመልሰው ደግሞ «መብረር ትችላለህ፣ ማሠልጠንና መፈተን ግን ቀርቷል» ብሎ መለሰው። ዕድሜውን ሙሉ አብራሪ ሲያፈራ የኖረ ሰው በአንድ የስልክ ጥሪ እንደ ማንኛውም ነጂ ሆኖ ተመለሰ። «እንግዲህ አስቡት» ይላል ባራክ ሁለት ጣቱን ቀስሮ፤ «ኮክፒት ውስጥ የሚቀመጠው ሁለት ሰው ነው። አንዱ በራሱ ላይ አይደውልም። ማን ቀረ?»

የቀረችው ታሪኳ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት አውሮፕላን ብቻ ያለው፣ በሞቃቱ ወራት ዕረፍት ፈላጊውን ወደ ግሪኳ ሮዶስና ወደ ቡልጋሪያዋ ቡርጋስ የሚያመላልስ ትንሽ የቻርተር ድርጅት ውስጥ ረዳት አብራሪ ናት። ትከሻዋ ላይ ሦስት መስመር አለ። አራተኛዋን፣ የካፒቴንነቷን መስመር፣ የሚያስገኘው ኮርስ ዘንድሮ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ያም ሰው ወይ እሷ ናት ወይ ባራክ። ላልተመረጠው ከአዲሱ ዓመት በዓላት በኋላ ሥራ የለም። «ለፋሲካ እንደውላለን» ተብሎ ይሸኛል፤ የሚደውል ግን የለም። እውነቱን ለመናገር ታሪኳም አልደወለችም። ማየቱን አይታለች። ጁላይ ላይ ቡርጋስ ሊያርፉ፣ መሬቱ ከፊታቸው እየሰፋ ሲመጣ፣ የያሪቭ ግራ እጅ ከመሪው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንሸራቶ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። «ያንቺ ነው» አላት። «የእኔ ነው» ብላ ተቀብላ አሳረፈች። ሞተሩን ካጠፉ በኋላ «ውሃ ስላልጠጣሁ ነው፤ እዚሁ ይቅር» አላት፤ እዚሁ ቀረ። መናገር እንደነበረባት ታውቃለች፤ ሕጉም ያዛል። ግን በዚያ ድርጅት ውስጥ ስሟን ሳያጣምምና ሳያሳጥር የጠራት የመጀመሪያው ሰው ያሪቭ ነው፤ አጠገቡ አስቀምጦ ያስተማራትም እሱ ነው። ስለዚህ አፏን ዘጋች። አፏን ዘግታ ነው እንግዲህ አሳባቂ የተባለችው።

ሴፕቴምበር ገብቶ፣ ያሪቭ ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚበሩበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ሸሚዟን ልትተኩስ ወደ ሳሎን ብቅ ስትል እናቷ በቀለች የአባቷን ማጅራት በቫዝሊን እያሸች ነበር። አባቷ ውድነህ ሶፋው ላይ በጎን ተቀምጠው፣ አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ተቆልምሞ፣ ሲያዩዋት አንገትጌያቸውን ሳብ አደረጉ። እናቷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆርቆሮውን ከትራስ ሥር ሸጎጠችው፤ ሁለቱም ያልጠበቁት እንግዳ የመጣባቸው መሰሉ። ሺኩን ቫቲኪም በተባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ ሁለት ክፍልና ሳሎን ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ የሚደበቅ ነገር ቢኖር እንኳ የሚደበቅበት ቦታ የለም። «አባ፣ አንገትዎን ምን ሆኑ?» አለች። «ትራሱ ነው» አሉ። ትራሱን ባለፈው ወር ከገበያው በሰማንያ ሸቀል የገዛችላቸው እሷ ራሷ ናት፤ ለአንገት ሕመም ተብሎ የሚሸጥ ትራስ ነው። «ሰማንያ ሸቀል አውጥቼ አንገትዎን ሰበርኩት ማለት ነው?» ብላ ልታስቃቸው ሞከረች። አልሳቁም። ይልቅ ውድነህ ቀና ሊሉ ሞክረው አቃታቸውና፣ ወለል ወለሉን እያዩ፣ «ሂጂ፤ ዛሬ መንገድሽ የተቃና ይሆናል» አሏት። አባቷ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። የማዘጋጃ ቤቱን ዛፍ ሲከረክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዕብራይስጡ ከዳቦና ከአውቶቡስ ያለፈ ያልገባቸው፣ ልጃቸው የምትሠራውን ለሰው ሲያስረዱ «ሰማዩ ላይ ትነዳለች» ብለው የሚጨርሱ ሰው ናቸው። ታሪኳ ግን ሚኒባሱ ጥሩንባ ሲነፋ ሰማችና ቦርሳዋን አንስታ ወረደች።

ሹፌሩ ቃኘው ነው፤ ሰፈሩ የእነሱ ሰፈር፣ ጆሮው ደግሞ የሁሉም። የአብራሪዎቹን ወሬ በመስታወት እያየ ሲሰማ ይውልና ማታ ምኩራብ ደጃፍ ላይ ያራግፈዋል። ዛሬ ግን ከወትሮው በተለየ ወርዶ በሩን ከፈተላት። «እንዴት አደርሽ ታሪክ! ዛሬ ደስ ብሎሽ ነው የምትውዪው፣ ቃኘው ብሏል በይ» አላት። «ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?» አለችው። ሳቀና ወደ መሪው ተመለሰ። ኪርያት ሀሻሮን የተባለው ሰፈር ሲደርሱ ባራክ ከአዲሱ ፎቅ ሥር ቆሞ የፀሐይ መነጽሩን በእርጋታ እየጠረገ አስጠበቃቸው። ዛሬ ተጠባባቂ ነው፣ አይበርም፤ ቢሆንም ቢሮ መዋል ይወዳል፣ ቢሮ ውስጥ የሚሰማ ሰው አለ። ገና ሳይቀመጥ «ታሪኳ፣ የስልክሽ ባትሪ ሞልቷል?» አላት። «ሞልቷል። የአንተ ቁጥር ብቻ ነው የሌለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «እኔማ ፈርቼ ነው» አለ ወደ ቃኘው ዘወር ብሎ፣ እንደ ቀልድ፤ «ሜይ ላይ ሰልፍ ወጥተው አውራ ጎዳናውን ዘጉብን፣ አሁን ደግሞ የሰው እንጀራ መዝጋት ጀመሩ።» ቃኘው ነገሩ እንደ ታሪኳ ኢትዮጵያዊ የሆነውን እሱንም እንደሚነካ ገብቶት አንገቱን ሰበረ፤ እጁን ግን ከመሪው አላነሳም። ከባራክ ጋር መጨቃጨቅ ለታሪኳ አዲስ አይደለም፤ ዛሬ ግን የምትፈልገው የያሪቭን ፊት ማየት ነበር። ቁጣውን በቡጢ ቢሆን እንኳ ትቀበለዋለች፤ ዓይኑን አይታ «እኔ አይደለሁም» ልትለው ነበር ያደረችው።

ኤቨን የሁዳ በተባለው መንደር የያሪቭ ቤት ሎሚ ዛፍ የተተከለበት፣ በጠጠር የተነጠፈ መተላለፊያ ያለው፣ የአትክልቱ ጠርዝ የሰው ጭንቅላት በሚያክሉ ነጫጭ ድንጋዮች የተከበበ ነው። ታሪኳ ይህን አጥር ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ ባለፈው ዓመት እራት ተጋብዛ የያሪቭ ሚስት ሀዳስ ከዚያው ሎሚ ቆርጣ በፌስታል ሰጥታታለች። ዛሬ ከድንጋዮቹ አንዱ የለም። ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል። ድንጋዩ ደረጃው ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ያለቦታው ተቀምጧል። ያሪቭ ሻንጣውን በቀኝ እጁ እየጎተተ ወጣ፤ ሰላም ሳይል ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ሀዳስ እስከ አጥሩ በር ተከተለችው። ታሪኳን በመስኮቱ አየቻት፤ እጇን እንደ ሰላምታ አነሳች፣ መሀል ላይ ሐሳቧን እንደለወጠ ሰው ደረቷ ላይ አሳረፈችው። ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር። ባራክ «ካፒቴን፣ እጅህ እንዴት ነው?» አለ፤ «ጮክ ብለህ ግን አትንገረን።» ያሪቭ አልሳቀለትም፤ ለማንም አልሳቀም። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ በሬዲዮ የሚወራውን የሙቀት ወሬ ብቻ ሰሙ።

የአብራሪነት ሥራ ጉድ ነው። ሌላ ቦታ የሚጠላሉ ሰዎች በር ዘግተው ይለያያሉ፤ እዚህ በር ተዘግቶባቸው አብረው ይቀመጣሉ። ከዚያ ደግሞ መነጋገር ግዴታ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ያልተመለሰ ነገር ካለ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም። ያሪቭ አነበበ፣ ታሪኳ መለሰች፤ ታሪኳ ጠራች፣ ያሪቭ «ተረጋግጧል» አለ። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነበር። ባሕሩ ላይ ወጥተው ሥራው ሲቀል፣ ሌላ ጊዜ ስለ ልጆቹና ስለ ሎሚው ትል የሚያወራበት ሰዓት ሲደርስ፣ መነጽሩን አድርጎ ወደ ፊት አፈጠጠ። አስተናጋጇ ምግብ አመጣች። ደንቡ ሁለቱ አብራሪዎች አንድ ዓይነት እንዳይበሉ ነው፤ ምግቡ ቢበከል አንዱ እንዲተርፍ። ያሪቭ ሁልጊዜ ዶሮውን ለእሷ ትቶ አትክልቱን ነበር የሚወስደው፤ «አንቺ ወጣት ነሽ፣ መትረፍ ያለብሽ አንቺ ነሽ ብዬ አይደለም፤ ዶሮው መጥፎ ስለሆነ ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር። ዛሬ ሁለቱንም ሳህን አየና «አልፈልግም» ብሎ ሁለቱንም መለሰ። የእሷንም ጭምር። አስተናጋጇ ታሪኳን አየቻት፤ ታሪኳ «ውሰጂው» አለቻት። ረሃቧን ለማንም የምታሳይ ልጅ አይደለችም። ቡናውን ግን ያሪቭ ተቀበለ፤ በቀኝ እጁ ጠጣ። ግራው ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ይዘረጋቸዋል፣ እንዳሉ የሚፈትሽ ይመስላል።

ሮዶስ ላይ መንገደኛው ወርዶ፣ ጠራጊዎቹ ገብተው፣ ኮክፒቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ታሪኳ ወደ እሱ ዞረች። እሱ ቀደማት።

«አባትሽ ትናንት አመሻሽ ላይ ቤቴ መጥቶ ነበር።»

መጀመሪያ ያልሰማች መሰላት። አባቷ ብቻቸውን ከሺኩን ቫቲኪም ወጥተው የሚሄዱበት ቦታ ምኩራብና ገበያ ነው። ያሪቭ ግን ቀጠለ፤ እያንዳንዱን ነገር ለመርማሪ እንደሚያስረዳ ሰው በተራ ነገራት። ከአንድ ሽማግሌና ከሹፌሩ ከቃኘው ጋር ነው የመጡት። ውሻው ጮኸ። አልገባም አሉ፤ የአጥሩ በር ላይ ቆሙ። ከዚያ አባቷ ጎንበስ ብለው ከአትክልቱ ጠርዝ ነጭ ድንጋይ አነሱ። «ሊወረውርብኝ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ» አለ ያሪቭ። «ማጅራቱ ላይ አደረገው። በሁለት እጁ ይዞት፣ አጎንብሶ ቆመ። ሽማግሌው 'ስለ ልጁ ይቅርታ ሊጠይቅህ ነው' አለኝ። ምን ይባላል? ምን እንደሚባል አላውቅም። እኔ ዝም አልኩ፣ እሱም ቆመ። ላቡ እየተንጠባጠበ ቆመ። በመጨረሻ ሚስቴ ሮጣ መጥታ አወረደችለት።»

ታሪኳ የአባቷ ማጅራት ላይ ያየችው ቫዝሊን ታወሳት። የሆነው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባት። ቃኘው ወሬውን ለአባቷ አድርሷል፤ አባቷ ልጃቸውን ሳይጠይቁ፣ ለሷም ሳይነግሩ፣ በጎንደር በሚያውቁት መንገድ ሄደዋል። በእሳቸው አገር የተቀየመ ሰው ካለ ማን አጠፋ ተብሎ አይጀመርም። ታናሹ ወገን ድንጋዩን ይሸከማል፤ የተቀየመው «አውርደው» ይላል፤ ያን ጊዜ ቁጣው ይወርዳል፤ ጥፋቱ ካለ በኋላ ተቀምጦ ይታያል፣ ከሌለም ማንም አያነሳው። መሸከሙ ማክበር ነው። ያሪቭ ግን «አውርደው» ማለት እንዳለበት ከየት ያውቃል? በዚያ በሎሚው ዛፍ ሥር ድንጋዩን የተሸከመውን ሰው ያየው እንደ ጥፋተኛ ልጅ አባት ነው።

«ያሪቭ፣ እኔ አልደወልኩም።»

«እስከ ትናንት ድረስ እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። «ባራክን አላመንኩትም። ለአለቃችን ለሻሺ ደውዬ 'ልጅቷ አይደለችም፣ ኮርሱን ስጣት' ብዬው ነበር። ከዚያ አባትሽ መጣ። ሰው ባልሠራው ነገር ድንጋይ ይሸከማል? ወይ አንቺ ትዋሻለሽ፣ ወይ አባትሽ ጅል ነው። የቱ ነው?»

የነዳጅ ሠራተኛው በሩን አንኳኳ። ያሪቭ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። «ቼክ ሊስት» አለ።

መመለሻውን የነዳችው ታሪኳ ናት። ከቁጣዋ ጋር ነዳችው። ስታሳርፈው ጎማው መሬት መንካቱን መንገደኛው ያወቀው ሞተሩ ሲያጓራ ነው፤ ከኋላ ጭብጨባ ተሰማ፣ ዕረፍት የጠገበ ሰው ለምንም ያጨበጭባል። ያሪቭ ጥሩ ማረፊያ ካየ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይል ነበር። አላለም። ሻንጣውን በቀኝ እጁ ይዞ ከእሷ ቀድሞ ወረደ።

የአብራሪዎቹ አለቃ ሻሺ ይጠብቃት ነበር። ቢሮው ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው የተከፈተ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አውሮፕላን የተቀመጠበት፣ ግድግዳው በራሱ ፎቶ የተሞላ ክፍል ነው። ባራክ ከመስታወቱ በር ውጭ ስልኩን የሚያይ መስሎ ቆሟል። ሻሺ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድካም የሚጠላ ሰው ነው፤ ነገሩ በአጭሩ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። «ስሚኝ» አላት፤ «በሥራ ከባራክ ትበልጫለሽ። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ለዚህ ነው አፉ የማይዘጋው። ግን ያሪቭ ጠዋት ደውሎ የአባትሽን ነገር ነገረኝ። አሁን በካፒቴኖቹ ዓይን የደወልሽው አንቺ ነሽ። ካፒቴን ከሚያሳብቅ ረዳት ጋር አይቀመጥም። እኔ አስገድጄ ላስቀምጣቸው አልችልም።» ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ድምፁን አለዘበ። «መውጫ ግን አለ። አባትሽ ሽማግሌ ነው፣ ከገጠር የመጣ ነው፣ ምን እንደሚሠራ አያውቅም፣ ተምታቶበት ነው፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ለያሪቭና ለሌሎቹ አስረዳለሁ፣ ይስቃሉ፣ ያልፋል። ኮርሱ እሑድ ይጀምራል።»

ይስቃሉ። ታሪኳ ይህችን ቃል ሰማቻት። ቡና የሚጠጣበት ክፍል ታያት፤ ባራክ ከወንበር ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የፕላስቲኩን አውሮፕላን ማጅራቱ ላይ አድርጎ አባቷን ሲያስመስል ታያት። ካፒቴኖቹ ቡናቸው እስኪደፋ ሲስቁ ታያት። እሷም አራት መስመር ትከሻዋ ላይ አድርጋ መሀላቸው ቁጭ ብላ፣ አብራ ፈገግ ስትል። አራተኛዋን መስመር እንደምትፈልጋት ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ማታ ማታ ሸሚዟን ስትተኩስ ግን ለአንድ መስመር የሚሆን ቦታ በዓይኗ ትለካ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እውነትም አለበት፤ አባቷ በእርግጥ እዚህ አገር ምን እንደሚባል አያውቁም። ግን ምን እንደሚሠሩ ያውቃሉ። ያንን ድንጋይ ሲያነሱ ከየትኛውም ካፒቴን የበለጠ ያውቁ ነበር።

«አባቴ የሚሠራውን ያውቃል» አለች። «የደወልኩት እኔ ነኝ።»

ሻሺ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ታሪኳ፣ ሞኝ አትሁኚ።»

«እጁ ሲወድቅ አይቻለሁ። መንገደኛ ተሸክመን ነበር። ደወልኩ። ነገም ቢሆን እደውላለሁ። በዚህ ምክንያት አጠገቤ መቀመጥ የማይፈልግ ካፒቴን ካለ፣ ለእኔም ከእሱ ጎን ባልቀመጥ ይሻለኛል።» እየተናገረች ሳለ፣ የተናገረችው ሁሉ ጁላይ ላይ ማድረግ የነበረባት ነገር መሆኑ ተሰማት፤ ያ ደግሞ ድምፅዋን ይበልጥ አጠነከረላት። የመግቢያ ካርዷን ከአንገቷ አውልቃ ከፕላስቲኩ አውሮፕላን ሥር አኖረችው። ሻሺ አላስቆማትም። በሩ ላይ ባራክ ፊቱን አብርቶ «እኔ ከመጀመሪያውም ብያለሁ» አለ። «አንድ ወሬ ወር ሙሉ አኝከህ ጥርስህ አይታመምም?» ብላው አለፈች፤ ወደ ሚኒባሱም አልሄደችም፣ የቃኘውን ፊት ማየት አልፈለገችም። በባቡር ወጣች። ተል አቪቭ ላይ ስትቀይር አንዲት ሴት ነጩን ሸሚዟን አይታ «ይቅርታ፣ ይሄ ባቡር ሄርጽሊያ ላይ ይቆማል?» አለቻት። የባቡሩ ሠራተኛ መስላታለች። «ይቆማል» አለቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ነው የምነዳው» ትላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሳሎኑ ውስጥ አባቷ፣ እናቷና ሽማግሌው ጎበዜ ተቀምጠዋል። አያ ጎበዜ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ኔታንያ ውስጥ ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው፤ ዕብራይስጡን እንደ ወጣት ነው የሚናገሩት፣ ስለዚህ የሰፈሩ ዕርቅ ሁሉ በእሳቸው ያልፋል። ጠረጴዛው ላይ ሐብሐብ ተቆርጧል። አባቷ አንገታቸው አሁንም እንደተቆለመመ ነው፤ ዓይናቸው ግን የሠርግ ዓይን ነበር። የሚስጥሩ ጊዜ አልፏል፤ አሁን የደስታው ሰዓት ነው።

«እህ? ምን አለሽ ሰውየው?» አሉ ውድነህ። «ሰላም አለሽ አይደለም? ሚስቱ ድንጋዩን በእጇ አውርዳልኛለች። ውሃ ሰጥታኛለች። የባል ቁጣ በሚስት እጅ ወረደ ማለት ያው ወረደ ማለት ነው።»

ታሪኳ ቆመች። አባቷ የሚጠብቁት አንድ ቃል ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠይቃት የዋለ ነው የሚመስለው። የማጅራታቸውን መላጥ አየች፤ ከቫዝሊኑ ሥር ቀይ ሆኖ ይታያል።

«ሰላም አለኝ፣ አባ። ታርቀናል።»

«እልል በይ አንቺ!» አሉ ውድነህ ወደ ሚስታቸው። በቀለች እልል አላለችም። የልጇን አንገት ነበር የምታየው፤ ጠዋት ካርድ የነበረበትን፣ አሁን ባዶ የሆነውን። ሐብሐቡን ወደ ልጇ ገፋ አደረገችላት። ጎበዜ ግን ፊቷን አንብበው በዕብራይስጥ፣ ባለቤቶቹ እንዳይሰሙ፣ ቀስ ብለው «በእውነት ምን ሆነ?» አሏት። እሷም በዕብራይስጥ፣ ፈገግታዋን ሳታጥፍ፣ «ሥራ ለቅቄያለሁ» አለች፤ «አባቴን ጅል ነው በይ አሉኝ። አላልኩም። የደወልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

ጎበዜ የያዙትን ሐብሐብ ሳህኑ ላይ መለሱት። ብዙም አልቆዩም፤ ሻርፓቸውን አንስተው «ምሽቱ ሳይገፋ ልሂድ» አሉ። ውድነህ ልጃቸውን «ሸኚያቸው እንጂ» አሏት። ወደ ደረጃው ወጡ፤ ታሪኳ የመብራቱን ቁልፍ ተጫነች፤ የዚህ ፎቅ መብራት ጥቂት ቆይቶ በራሱ የሚጠፋ ነው። ጎበዜ የደረጃውን ብረት ይዘው አልወርድ አሉ።

«አንቺ ደውለሻል እንዴ?»

«አልደወልኩም፣ አያ ጎበዜ። አንቱም አላመኑኝም?»

«እኔማ እንዳልደወልሽ አውቃለሁ።» አሉ። ከታች የሆነ ሰው በር ዘጋ። «እኔ በሽምግልና የሰማሁትን ከዚያ ወደዚህ አላመላልስም። ዕድሜዬን ሙሉ አላመላለስኩም። ትናንትም ያዝኩት። ዛሬ ሄደሽ ሰላም የምትባይ መስሎኝ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ያዝኩት።»

«ምኑን ነው የያዙት?»

መብራቱ ጠፋ። ታሪኳ መልሳ አበራችው። ጎበዜ ዓይናቸውን ከደረጃው አላነሱም።

«ሚስቲቱ ድንጋዩን ስታወርድ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከከበዳት ነው ብዬ ነበር። ኋላ አጥሩ ድረስ ሸኘችን፤ አባትሽና ቃኘው ወደ መኪናው ቀደሙ፤ እኔን ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ። ባሏ እቤትም ብርጭቆ ከእጁ እየወደቀ ነው። ተው ብላ ለምናው አልሰማ አላት። ለማንም እንዳልናገር እግዚአብሔርን ጠርታ ለመነችኝ፤ እያለቀሰች ነገረችኝ።»

«ምን ብላ?»

«'የደወልኩት እኔ ነኝ' ብላ።»